የኤሊስ ደሴት ሰዎች ወረፋ አልጠበቁም

ሰሞኑን ከእጅ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ ኒውዮርክ፣ ቺካጎ፣ ፒትስበርግና ዲትሮይት የጎረፉትን ጣሊያኖች፣ አይሁዶች፣ ፖላንዳውያንና አየርላንዳውያን አንስቶ አሜሪካ ላለነው ሐበሾች ምሳሌ ያደርጋቸዋል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ እነዚያ ሰዎች ወረፋ ጠብቀው በሕግ ገቡ፤ አገራቸውን ትተው ለመኖር መጡ፤ ቋንቋቸውንና ስማቸውን በሩ ላይ ጥለው ገቡ፤ ከመንግሥት ሳንቲም ሳይጠይቁና ሳያጉረመርሙ ሠርተው በአንድ ትውልድ ከፍ አሉ፤ ከየአገሩ በዓመት የሚገባውን ሰው ቁጥር የወሰነው የ1924ቱ የኮታ ሕግም ረጋ ብለው እንዲዋሐዱ ጊዜ ሰጣቸው። እኛ ግን በአቋራጭ እንገባለን፣ ልባችን አገር ቤት ነው፣ አንድ ሰፈር ተሰባስበን እንቀመጣለን፣ ድጎማ እንጠብቃለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። የሰዎቹን ልፋት ማድነቃቸው ተገቢ ነው፤ በእርግጥም ለፍተዋል። ዳሩ ግን ያደነቋቸው ሰዎች በጽሑፋቸው ውስጥ እንጂ በኒውዮርክ ኖረው አያውቁም። እንዲያውም የእኛ ጥፋት ብለው የዘረዘሩት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ያኔ በእነዚያው ሰዎች ላይ ይቀርብ የነበረ ክስ ነው።

ከወረፋው እንጀምር። እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ቪዛ አይጠየቅም ነበር፤ ፓስፖርትም እንደዚያው። ከኔፕልስ፣ ከብሬመን ወይም ከሃምቡርግ የሚነሳ መርከብ ላይ ትኬት የቆረጠ ሰው ጉዞው አለቀለት ማለት ነው። ትኬቱንም ብዙ ጊዜ ከፍሎ የሚልክለት ቀድሞ የሄደ ወንድም ወይም አጎት ነው። ኒውዮርክ ሲደርስ የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪው እዚያው መርከቡ ላይ ለይምሰል ታይቶ ወደ ከተማው ይገባል። በጀልባ በኒውዮርክ ወደብ ወዳለው የስደተኞች መመርመሪያ፣ ወደ ኤሊስ ደሴት፣ የሚጋዘው ከመርከቡ ሆድ የወጣው ድሃ ብቻ ነበር።

ደሴቱ ላይ የሚሆነውን ጸሐፊው ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር። ሰዉ ጓዙን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ሐኪሞች ከላይ ቆመው ያዩታል፤ ያለከለከ፣ ያነከሰ ይለያል። የተጠረጠረ ሰው ኮቱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል፤ ለልብ ኤች፣ ለእግር ኤል፣ ለዓይን ኢ። ቀጥሎ የዓይን ቆቡ የጫማ ቁልፍ በሚሳብበት ቆልማማ ብረት ይገለበጣል፤ የሚፈለገው ትራኮማ ነው። ኮቱን ገልብጦ ለብሶ የጠመኔውን ምልክት ደብቆ ያለፈም ነበር ይባላል። ከዚያም መዝጋቢ ሠራተኛ ጠረጴዛ ፊት ይቆምና ወደ 30 የሚጠጉ ጥያቄዎች ይጠየቃል። ያልታመመና የሚያጠራጥር መልስ ያልሰጠ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨርሶ ይወጣል። በ1907 ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ መንገድ አልፏል፤ ከመጡት ውስጥ የተመለሰው 2 በመቶ ያህል ነው።

ዛሬ አንድ የደሴ ልጅ ይህን ያህል በቀላሉ የሚያልፍበት በር ቢያገኝ እሱም «በሕግ ገባ» ይባልለት ነበር። የሚጣስ ሕግ በሌለበት ሕግ አክባሪ መሆን ምን ያስመሰግናል?

የነበሩት ሕጎችም ቢሆኑ የሚያስገርሙ ናቸው። በ1885 የወጣው ሕግ የሥራ ውል ይዞ መምጣትን ይከለክል ነበር፤ ፋብሪካዎች ርካሽ ሠራተኛ ከአውሮፓ በውል እንዳያስመጡ የአሜሪካ ሠራተኛ ማኅበራት ታግለው ያስወጡት ነው። በ1882 የወጣው ደግሞ የመንግሥት ሸክም የሚሆን ሰው እንዳይገባ ይላል። እንግዲህ ጠያቂው «የሚጠብቅህ ሥራ አለ?» ሲል «አዎ፣ አጎቴ ፋብሪካ አነጋግሮልኛል» ያለ ሊመለስ ነው፤ «ምንም የለኝም» ያለም ሊመለስ ነው። የሚያሳልፈው መልስ በሁለቱ መካከል ነበር፦ ጉልበት አለኝ፣ ሥራ አላጣም፣ ግን ቃል የገባልኝ የለም። ቀድሞ የገባው ዘመድ ይህን በደብዳቤ ያስጠናል፤ መርከቡ ላይም እርስ በርስ ይጠያየቁበታል። ለኤምባሲ ኢንተርቪው ስናጠና ያደርን ሰዎች ይህን ማጭበርበር ለማለት ድፍረቱ የለንም።

በሩ በእርግጥ የተዘጋበትን ሕዝብ ማየት የፈለገ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ይዙር። ቻይናውያን ሠራተኞች በ1882 ሕግ ተከለከሉ፤ ክልከላው እስከ 1943 ቆየ። እነሱም ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የልደት መዛግብቱን ሲበላ ብዙዎች «እዚሁ ነው የተወለድኩት» አሉ፤ የዜጋ ልጅ ዜጋ ነውና የዜጋ ልጅ ነኝ የሚል ወረቀት እየተገዛ በሰው ስም መግባት ተጀመረ። መንግሥት ደግሞ ከ1910 እስከ 1940 በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገኘው ኤንጅል ደሴት እየያዘ ለሳምንታት፣ አንዳንዱን ለወራት ይመረምር ነበር፦ የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? ከመንደራችሁ በሦስተኛው ረድፍ ማን ይኖራል? የአባትና የልጅ መልስ ካልገጠመ መመለስ ነው። እስረኞቹ በግድግዳው እንጨት ላይ የቀረጹት ግጥም ዛሬም ይነበባል።

አውሮፓውያኑስ? በ1920ዎቹ በሩ በእነሱም ላይ ሲጠብ በኩባ፣ በካናዳና በሜክሲኮ በኩል ሾልከው መግባት ጀመሩ። በ1929 ኮንግረስ ከጁን 1921 በፊት ገብቶ ወረቀት የሌለው ሰው 20 ዶላር ከፍሎ እንዲስተካከል የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ከሁሉ በላይ የተጠቀሙበት አውሮፓውያንና ካናዳውያን ናቸው። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጓቸው ሰዎች ምሕረት ተደርጎላቸዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ለመኖር መጡ የሚለው ነው። ስለ አይሁዶችና ስለ አየርላንዳውያን ከተባለ እውነት አለው፤ የሚመለሱበት አልነበራቸውም። ስለ ጣሊያኖች ግን ፈጽሞ አይሠራም። የአሜሪካ መንግሥት ከ1908 ጀምሮ የሚወጣውንም ሰው መቁጠር ሲጀምር ከጣሊያኖቹ ግማሽ ያህሉ ተመላሽ መሆናቸው ታየ። ብዙው ወንድ ለብቻው መጥቶ፣ ባቡር ሐዲድ ቆፍሮ ወይም ጡብ ተሸክሞ፣ ገንዘቡን ልኮ፣ መሬት ወይም ቤት የሚገዛበት ሲሞላለት ወደ ደቡብ ጣሊያን፣ ወደ ካላብሪያው ይመለሳል። ሥራውንም የሚያገኘው ቋንቋ በሚያውቅ ያገሩ ደላላ በኩል ነው፤ ደላላውም ከደሞዙ ይቆርጥበታል። በፒትስበርግ ብረት ፋብሪካዎች ሠራተኛው 12 ሰዓት ይሠራል፤ የቀንና የሌሊት ፈረቃ በሚለዋወጥበት ሳምንት ደግሞ 24 ሰዓት በአንድ ትንፋሽ ይቆማል። በየደባል ቤቱ አንድ አልጋ ለሁለት ይከራያል፤ የሌሊት ፈረቃው ሲመለስ የቀኑ ከአልጋው ይነሳለታል። እንዲህ የሚኖር ሰው ልቡ የት እንዳለ መገመት አያዳግትም።

ይህ የመመለስ ነገር ጸሐፊው በአንድ ትውልድ ከፍ አሉ ያሉትንም ያናጋዋል። ራን አብራሚትስኪና ሊያ ቡስታን የተባሉ የኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድን ሰው ከአንዱ የሕዝብ ቆጠራ ወደ ቀጣዩ እየተከተሉ ሲያዩ፣ ስደተኛው እየተወነጨፈ ተወላጁን ደረሰበት የሚለው ሥዕል አልተገኘም፤ በአማካይ ሁለቱም በሥራ ደረጃ ያደጉት በተመሳሳይ ፍጥነት ነው። የድሮው ሥዕል ከየት መጣ ቢሉ፣ አንዱ ምክንያት ያልቀናው ወደ አገሩ ስለተመለሰ ነው። የቆጠራው መዝገብ ላይ የቀረው በአብዛኛው የቀናው ነው። አያቴ ያለ ምንም መጥቶ ሀብታም ሆነ የሚል ሰው ሞልቷል፤ አያቱ ከስሮ የተመለሰበት ሰው ግን ታሪኩን የሚናገረው በጣሊያንኛ፣ ያውም ጣሊያን ውስጥ ነው።

የስሙን ነገር ቶሎ ላልፈው። የኤሊስ ደሴት ጸሐፊዎች የማንንም ስም አልቀየሩም። ሥራቸው በመነሻው ወደብ በመርከብ ኩባንያው የተዘጋጀውን ዝርዝር ይዞ ማመሳከር ነበር እንጂ አዲስ ስም መጻፍ አልነበረም። ስሙን የቀየረ ሰው በኋላ፣ ሥራ ሲፈልግ ወይም ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ራሱ ቀየረው። ቋንቋውም ቢሆን በሩ ላይ አልተጣለም። በሲንሲናቲና በኢንዲያናፖሊስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በጀርመንኛ ያስተምሩ ነበር፤ በ1897 የተመሠረተው የኒውዮርኩ የይዲሽ (የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ) ጋዜጣ «ፎርቨርትስ» በ1920ዎቹ በየቀኑ ከ200,000 በላይ ይታተም ነበር። ይህን የሚያነብ ሁሉ እንግሊዝኛ ጠልቶ አይደለም።

አንድ ሰፈር መሰባሰባችንም ተነቅፏል። የኒውዮርክ ጣሊያኖች ግን አንድ ሰፈር ብቻ ሳይሆን በየክፍለ ሀገራቸው አንድ ጎዳና ነበር የሚይዙት፤ መልበሪ ጎዳና በብዛት የኔፕልስ ሰው፣ ኤልዛቤት ጎዳና የሲሲሊ። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ከአንድ ከተማ የመጡት ተሰባስበው ማኅበር ያቋቁማሉ፤ በየወሩ ይዋጣል፣ የታመመ ይረዳል፣ ሐኪም ይቀጠራል፣ ከሁሉ በላይ የመቃብር ቦታ በጋራ ይገዛል። እድር ነው እንግዲህ። ሥራ የሚገኘው፣ ቤት የሚገኘው፣ ሞት ሲመጣ የሚቀበር የሚገኘው እዚያ ነው። ኦርቻርድ ጎዳና ቁጥር 97 ያለው ባለ ብዙ ቤተሰብ ሕንጻ ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1863 ተሠርቶ እስከ 1935 ከ20 በላይ አገሮች የመጡ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች በየተራ ኖረውበታል። ባለ ሦስት ክፍሉ ቤት 30 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ቤተሰብ ከነደባሉ ይተኛበታል፣ ቀን ደግሞ በዚያው ልብስ ይሰፋበታል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳያጉረመርሙ ሠሩ ይላሉ። ማን ነው ያላጉረመረመው?

በኖቬምበር 1909 ኒውዮርክ ኩፐር ዩኒየን አዳራሽ ውስጥ የስፌት ሠራተኞች ተሰብስበው መሪዎቹ ለረጅም ሰዓት ሲናገሩ አንዲት የ23 ዓመት ወጣት፣ ክላራ ለምሊክ፣ መድረክ ላይ ወጥታ በይዲሽ ንግግሩ ይብቃ፣ አድማ እንምታ አለች። አዳራሹ ተነሳ። ወደ 20,000 የሚጠጉ ሠራተኞች፣ በብዛት ወጣት አይሁድና ጣሊያን ሴቶች፣ በክረምት ሥራ አቁመው ሰልፍ ወጡ። ብዙ ፋብሪካዎች ተስማሙ፤ ትራያንግል የተባለው የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ ግን ማኅበሩን አልቀበልም አለ። ማርች 25 ቀን 1911 ቅዳሜ፣ ሥራ ሊለቀቅ ሲል፣ 8ኛ ፎቅ ላይ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ከተጠራቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ እሳት ተነሳ። 10ኛ ፎቅ ለሚገኙት አለቆች በስልክ ተነገረ። ለ9ኛው ፎቅ የነገረ የለም። ሠራተኞች ሲወጡ ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ሲባል ከ9ኛ ፎቅ መውጫዎች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ የውጭው የብረት መሰላል ክብደቱን አልቻለም፣ ተገነጠለ፤ የእሳት አደጋው መሰላል ደግሞ ከ6ኛ ፎቅ በላይ አልደርስ አለ። 146 ሰው ሞተ፤ ከእነሱ በርካቶች መስኮት ላይ ወጥተው የዘለሉ ናቸው። የፋብሪካው ባለቤቶች በጣሪያ በኩል አመለጡ፤ ተከሰው በነጻ ተለቀቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በፍትሐ ብሔር ለከሰሱ ቤተሰቦች ለአንድ ነፍስ 75 ዶላር ከፈሉ። ልብ በሉ፣ ባለቤቶቹም ከሩሲያ ግዛት የመጡ አይሁድ ስደተኞች ነበሩ። በራሱ ልፋት ከፍ አለ የሚባለው ሰው አንዳንዴ በማን ጫንቃ ላይ እንደወጣ ይህ ያሳያል።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሥራ ቦታ መውጫ በር እንዳይቆለፍ የሚያስገድደው ደንብ ከዚያ ቃጠሎ በኋላ በኒውዮርክ ከተቋቋመው የፋብሪካ ምርመራ ኮሚሽን ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። እሳቱን ቆማ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስም በ1933 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሠራተኛ ሚኒስትር ሆናለች። በ1912 ደግሞ በሎረንስ፣ ማሳቹሴትስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሳምንታዊው ሥራ ከ56 ወደ 54 ሰዓት በሕግ ሲወርድ ባለፋብሪካዎቹ ደሞዙንም አብረው ቀነሱ። ከ20,000 በላይ ሰው፣ በደርዘን በሚቆጠር ቋንቋ እየተነጋገረ፣ ሁለት ወር ሥራ አቁሞ ጭማሪ አግኝቶ ተመለሰ። እኛስ አገር ቤት በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን የምናርፈው ለምን ሆነና? በ1886 ቺካጎ ውስጥ ለ8 ሰዓት ሥራ ሜይ 1 ቀን ከተነሳው አድማ በቀጠሉት ቀናት በሄይማርኬት አደባባይ ቦምብ ፈነዳ፤ ከተፈረደባቸው 8 ሰዎች 5ቱ ጀርመን የተወለዱ ስደተኞች ነበሩ፤ ከስምንቱ 4ቱ ተሰቀሉ። በዓሉ ወደ ዓለም የወጣው ከዚያ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ዝምታን እንማር ማለት አይገባኝም።

ከመንግሥት አልጠየቁም የሚለውም እንዲሁ ነው። በ1862 የወጣው የእርሻ መሬት ሕግ ዜጋ ለመሆን ማመልከቻ ላስገባ ስደተኛ ሁሉ 160 ኤከር፣ 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር። በከተማ ደግሞ እንደ ኒውዮርኩ ታማኒ ሆል ያሉ የፓርቲ ድርጅቶች ከሰል፣ የበዓል ዶሮ፣ የፖሊስነትና የመንገድ ሥራ እየሰጡ ድምፅ ይገዙ ነበር፤ አየርላንዳውያን ወደ ከተማ አስተዳደር የገቡት በዚህ በር ነው። ንጹሕ መንገድ አልነበረም፤ ግን ድጎማ ነበር።

ጽሑፉ ከነጭራሹ ያልነካው ነገር አለ፣ እሱም የጥቁር አሜሪካውያን ፍልሰት ነው። ጦርነቱ በ1914 የአውሮፓን መርከብ ሲያቆም ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን አብዛኛው ጥቁር ወደሚኖርበት የአገሪቱ ደቡብ አዞሩ። የቺካጎ ጥቁር ሕዝብ በ1910 ከነበረበት 44,000 ገደማ በ1920 ከ109,000 በላይ ሆነ፤ የዲትሮይት ከ6,000 ያነሰው ከ40,000 አለፈ። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ዜጎች ናቸው፣ ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው በባቡር የመጡ ናቸው። በጸሐፊው መለኪያ ከጣሊያኑም ከፖላንዱም መቅደም ነበረባቸው። የሆነው ግን ሌላ ነው። በቺካጎ ቄራዎች ከባዱና ቆሻሻው ሥራ ተሰጣቸው፤ ከተመደበላቸው ሰፈር ወጣ ብለው ቤት ሊገዙ ሲሉ «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ውል ጠበቃቸው። በጁላይ 1919 አንድ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ በልማድ ወደ ተለየው የነጮች ክልል ገባ ተብሎ በድንጋይ ተመቶ ሰጠመ፤ ፖሊስ ድንጋይ ወርዋሪውን አልይዝም በማለቱ የተነሳው ብጥብጥ 38 ሰው ገደለ። የስደተኛ ልጅ ከጊዜ በኋላ «ነጭ» ሆኖ የሚያልፈውን በር እነዚህ ሰዎች ዜጋ ሆነው አላለፉትም። ጠንክሮ መሥራት ብቻውን ሁሉን የሚያስረዳ ከሆነ ይህን ያስረዱን። ደግሞም ለእኛ በር የከፈተው የ1965 የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው የእነሱ ትግል የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግ ባስወጣ ማግስት ነው። ስለዚህ እኛን ከጣሊያኖች ጋር ብቻ አስተያይቶ እነሱን መዝለል ትንሽ ይከብዳል።

የቀረው የ1924ቱ ሕግ ነው። ጸሐፊው ጊዜ ሰጣቸው፣ ዛሬም እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ይበጃል ይላሉ። ሕጉን ያመጣው ግን ለስደተኛው መታሰቡ አይደለም። ኮንግረስ ስደትን እንዲያጠና ያቋቋመው የዲሊንግሃም ኮሚሽን በ1911 ያቀረበው 41 ጥራዝ ሪፖርት ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጡት «አዲሶቹ» ከጀርመንና ከእንግሊዝ እንደመጡት «የድሮዎቹ» አይደሉም አለ፦ ለጊዜው ይመጣሉ፣ ገንዘባቸውን ይልካሉ፣ ተነጥለው ይሰፍራሉ፣ ቋንቋ አይማሩም። የጸሐፊው ክስ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ እዚያ አለ፤ ተከሳሾቹ ብቻ ተለዋውጠዋል። በ1891 በኒው ኦርሊንስ 11 ጣሊያኖች በሕዝብ ቁጣ ሲገደሉ የነበረውም ስሜት ያው ነው። በመጨረሻ ኮንግረስ የእያንዳንዱን አገር ድርሻ በ1890 ቆጠራ ከነበረው ሕዝቡ 2 በመቶ አደረገ። ሌላ አዲስ ቆጠራ ሳይጠፋ 1890 የተመረጠው ጣሊያኑና አይሁዱ በብዛት ከመምጣታቸው በፊት ስለነበር ነው። በ1914 ብቻ ከ280,000 በላይ ሰው የላከችው ጣሊያን ድርሻዋ 3,845 ሆነ። በ1939 ሴንት ሉዊስ የተባለችው መርከብ ከሂትለር የሸሹ ከ900 በላይ አይሁዶችን ይዛ ፍሎሪዳ አጠገብ ስትንሳፈፍ የጀርመን ኮታ ሞልቷል ተብሎ ወደ አውሮፓ ተመለሰች፤ ከተሳፋሪዎቿ 254ቱ በናዚዎች እጅ አለቁ።

በዚያው የኮታ ሰንጠረዥ ውስጥ «አቢሲኒያ» የሚል መስመር አለ። ለማንኛውም አገር የሚሰጠው ትንሹ ድርሻ ነው የተጻፈላት፦ በዓመት 100 ሰው። ጸሐፊው ያ ሕግ ይመለስ ሲሉ ከመቶው ስንተኛ ሆነው ሊገቡ እንዳሰቡ ቢነግሩን ደስ ይለናል፤ መቶ አንደኛው ማን እንደሚሆንም ጭምር።